ሐረር ጀጎልን ለመጎብኘት፦ ከአስጎብኚ ጋር ወይስ ብቻን?

ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ደርሶ ከባጃጅ የሚወርድ እንግዳ ብዙም ሳይራመድ አስጎብኚ ይፈልግ እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። እንግዳው ፈረንጅ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቋንቋውን አያውቅምና የሚመራው ሰው ይሻል። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከዋሽንግተን ለመጣ አማርኛ ተናጋሪ ግን ጥያቄው ግራ ሊያጋባው ይችላል። በሚያውቀው ቋንቋ መንገድ ጠይቆ በቀላሉ በእግር በሚያዳርሰው አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ አስጎብኚ ምን ይሠራለታል?

መልሱ ጎብኚው ከከተማዋ በሚፈልገው ነገር ይወሰናል። ሐረር ብቻውን ለሚዘዋወርባት ሰው የምትሰጠው ብዙ ነው። የአገሬው ሰው ካላስገባ በቀር የማትገልጠው ደግሞ አላት።

ግንቡ የሚያሳየውና የሚሸፍነው

ጀጎል የተባለው ግንብ ዛሬ የሚታወቅበትን ቅርጽ የያዘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። የሚከበው መሬት 48 ሄክታር ያህል ነው። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮችና የጸሎት ሥፍራዎች እንደሚገኙ ገልጿል።

የከተማዋ አሠራር ብቻውን ለሚሄድ ሰው የተመቸ ነው። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ማለትም ከሸዋ በር፣ ከቡዳ በር፣ ከሰንጋ በር፣ ከኤረር በርና ከፈላና በር የሚነሱት ዋና ዋና መንገዶች ወደ መሀል ከተማ ያመራሉ። በቀጫጭኑ የውስጥ መንገዶች ገብቶ አቅጣጫ የጠፋበት ሰው ቁልቁል ቢሄድ ግንቡን፣ ወደ መሀል ቢመለስ ገበያውን ያገኛል። በዚህ ረገድ አስጎብኚ የግድ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ የጀጎል ቤቶች ፊታቸውን ወደ መንገድ አይሰጡም። መንገደኛው የሚያየው በኖራ የተለቀለቀ ረጅም አጥርና የተዘጋ በር ነው። ቤቱ ያለው ከበሩ በስተጀርባ፣ በግቢው ውስጥ ነው። ከመስጊዶቹም ብዙዎቹ ትንንሽና በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተሸሸጉ በመሆናቸው፣ አላፊው ልብ ሳይላቸው ያልፋል። ሁለት ቀን ሙሉ ብቻውን የተዘዋወረ ሰው ከተማዋን አየሁ ሊል ይችላል፤ ሐረሪዎች የሚኖሩበትን ቤት ግን አላየም።

በር የሚያስከፍት ሰው

‘ጌይ ጋር’ የሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጡ በተለያየ ከፍታ በተሠሩ መደቦች የተከፋፈለ ነው። የቤቱ አባወራ፣ ሽማግሌው፣ እንግዳውና ወጣቱ የሚቀመጡበት ቦታ በልማድ የታወቀ ነው። ግድግዳው በስፌትና በሳህኖች ያጌጣል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍ በቤቱ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ገና ያላገባች ልጅ መኖሯን ያመለክት እንደነበር ይነገራል።

የመደቡና የወለሉ ቀይ ቀለምም የራሱ ታሪክ አለው። በከተማዋ በሰፊው እንደሚነገረው ቀለሙ በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል። ይህ ጦርነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1887 የአሚር አብዱላሂ ጦር በንጉሥ ምኒልክ ጦር የተሸነፈበትና ከተማዋ ነጻነቷን ያጣችበት ነው። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ በተሸናፊዎቹ ልጆች ቤት መደብ ላይ ተቀምጦ ሲሰማው ሌላ ስሜት ይሰጠዋል። አማርኛ ማወቅ ለዚህ በቂ አይደለም። በብዙዎቹ የሐረሪ ቤቶች የሚነገረው ‘ጌይ ሲናን’፣ ማለትም የከተማው ቋንቋ ነው። እንግዳን ወደ ሰው ቤት የሚያስገባው ደግሞ ከቋንቋ ይልቅ ትውውቅ ነው።

አንዳንድ ቤተሰቦች በክፍያ እንግዳ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ አይቀበሉም። ከተማዋን የሚያውቅ አስጎብኚ የትኛውን በር ማንኳኳት እንደሚቻል፣ የትኛውን ማለፍ እንደሚገባ ይለያል። ሙስሊም ላልሆነ ሰው የትኛው የጸሎት ሥፍራ እንደሚፈቀድ፣ ሴቶች የት መከናነብ እንዳለባቸውም አስቀድሞ ይናገራል። ይህ ለጎብኚው ብቻ ሳይሆን ለነዋሪውም ይጠቅማል። ጀጎል ሰዎች የሚወልዱበት፣ የሚያገቡበትና የሚቀብሩበት ሠፈር እንጂ ሙዚየም አይደለምና።

አስጎብኚ የሚናገረው ሁሉ ታሪክ አይደለም

የአስጎብኚ ትረካ ግን ሳይመረመር የሚወሰድ አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ‘የራምቦ ቤት’ በመባል የሚታወቀው ባለ ፎቅ ሕንፃ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ በ1880 መጨረሻ ወደ ሐረር መጥቶ እየተመላለሰ በንግድ መሥራቱና በ1891 በጠና ታሞ መውጣቱ የተረጋገጠ ነው። ሆኖም ባለቀለም መስኮቶች ያሉት ይህ ውብ ቤት በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራው ገጣሚው ከሞተ በኋላ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ቤቱ ስለ ራምቦና ስለ ጥንቷ ሐረር ፎቶግራፎችን የሚያሳይ ሙዚየም በመሆኑ ቢጎበኝ አያስቆጭም። ነገር ግን “ገጣሚው እዚህ ተኝቷል” የሚል አስጎብኚ ካጋጠመ፣ ሌላውንም ትረካውን በጥንቃቄ መስማት ያሻል።

ማጣሪያ የሚሆን ሥፍራ ከዚያው አጠገብ አለ። በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም በአብዱላሂ ሸሪፍ የግል ጥረት የተሰበሰቡ የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና አልባሳት ይዟል። ከአስጎብኚው ጋር ከመዞር በፊትም ሆነ በኋላ እዚያ ሁለት ሰዓት ያሳለፈ ሰው የሰማውን ከሚያየው ጋር ያመዛዝናል።

ብቻን ሲኬድ የሚገኘው

አስጎብኚ በሰዓት የተገደበ ነው፤ ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው ይቸኩላል። ሐረርን ሐረር ከሚያሰኟት ነገሮች ብዙዎቹ ግን የሚታዩት ለማይቸኩል ሰው ነው። ልብስ ሰፊዎች በሁለት ወገን ተደርድረው የሚሠሩበት ‘መኪና ግርግር’ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚያ ቆሞ ማዳመጥ ማብራሪያ አይጠይቅም። ከአካባቢው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች የሚሸጡበትን ገበያም ሸማች ሆኖ የገባበት ሰው ከነጋዴዎቹ ጋር ይጨዋወታል፤ ከአስጎብኚ ኋላ የሚከተል ሰው ግን ተመልካች ብቻ ነው።

ምሽት ላይ ከግንቡ ውጭ ጅቦች ሥጋ ሲበሉ ለማየትም ባጃጅ ይበቃል። በግንቡ ላይ ለጅቦች መግቢያ የተተዉትን ቀዳዳዎች የሚያሳይና ልማዱን የሚያስረዳ ሰው ሲኖር ግን ትርኢት የሚመስለው ነገር የከተማዋ የኑሮ አካል መሆኑ ይገባል።

የዛንዚባር ልምድ

ጥያቄው የሐረር ብቻ አይደለም። በ2000 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የዛንዚባር ስቶን ታውንም ጎብኚዎች ከዚሁ ምርጫ ጋር ይጋፈጣሉ። በዚያ ያለፈቃድ እንግዳ የሚያሳድዱ ደላሎችን ነዋሪው በስዋሂሊ ‘ፓፓሲ’፣ ማለትም መዥገር ይላቸዋል። እነሱን የሸሸ መንገደኛ ብቻውን ሲዞር የአንግሊካን ካቴድራሉን እንደ ማንኛውም አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ሊያልፍ ይችላል። ሥፍራው እስከ 1873 የባሪያ ገበያ እንደነበር የሚያስረዳው ሰው ካገኘ ግን እንዲሁ አያልፈውም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ጊዜ ላለው ሰው የሚበጀው ሁለቱንም በቅደም ተከተል ማድረግ ነው። የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ ብቻን መዞር፤ ያልገባውን ነገር ሁሉ፣ የተዘጋውን በር፣ ስሙ ያልታወቀውን መቃብር፣ ልብ ውስጥ መያዝ። በማግስቱ ጠዋት አስጎብኚ ይዞ በእነዚያ ጥያቄዎች መጀመር። ጥያቄ ያለው እንግዳ የተለመደውን መንገድ አይከተልም፤ አስጎብኚውም ዘወትር ከሚደጋግመው ትረካ ይወጣል። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን አስጎብኚ መያዙ ይሻለዋል።

ከመስማማት በፊት የአስጎብኚውን መታወቂያ ማየት፣ ዋጋውንና ሰዓቱን መቁረጥ፣ የሙዚየምና የቤት መግቢያ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተቱን መጠየቅ፣ ወደ ሱቅ መሄድ የማይፈለግ ከሆነም ቀድሞ መናገር ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል። ፎቶ ለማንሳት ደግሞ፣ አስጎብኚ ኖረም አልኖረም፣ ፈቃድ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።