የባትሪ ድንጋይ ማኅቶት

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ያለች ከተማ ናት፤ ስሟም ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው ኮረብታውን ባለበሰው የዲከረንስ ደንና ከዚያ ተከስሎ ወደ ሩቅ ከተሞች በሚጫነው ከሰል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ግን ከጎዳናው ርቆ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ባልደረሰበት መንደር፣ በአዊም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ገጠር፣ ምሽቱን የሚያበራውን አንድ ትንሽ የእጅ ሥራ ነው፤ ይኸውም ከተሰበረ የእጅ ባትሪ በወጣች አንዲት የኤልኢዲ ፍሬ፣ ሬዲዮ ማናገር በተሳናቸው ሁለት ወይም ሦስት የባትሪ ድንጋዮች፣ በጥቂት ሽቦና በናስትሮ ቁራጭ የሚበጀው መብራት ነው። የፋብሪካ ማኅተም ስለሌለበት ብቻ እንደ ችግር ማሳለፊያ የሚቈጥረው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው እላለሁ፤ ጥበብም እንደ መሆኑ ሕግ አለው፤ ሕጉን ያወቀ ሠሪ ብርሃኑንም ድንጋዩንም ያተርፋል።

ከዚህ መብራት በፊት በቤቱ ነግሦ የኖረው ኩራዝ ነው። ኩራዝም ራሱ የእጅ ሥራ ሲሆን፣ ከባዶ ጣሳ ወይም ከመድኃኒት ጠርሙስ ተበጅቶ፣ በክሩ ላምባውን እየመጠጠ የሚነድ ነው፤ የቆሎ ተማሪዎች በርሱ ብርሃን ዳዊት ደግመዋል፣ እናቶች በርሱ ብርሃን ልጅ ተገላግለዋል፤ ስለዚህ ውለታውን መካድ አይገባም። ጉዳቱን መሸሸግም እንዲሁ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ምርምር እንደ ገለጸው፣ ክሩ በግላጭ የሚነድ መብራት ከሚፈጀው ላምባ በክብደት ከመቶ 7 እስከ 9 የሚሆነው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል፤ ጥቀርሻውም ጣራውን ከማጥቈሩ አስቀድሞ ከነበልባሉ አጠገብ ጐንበስ ብሎ በሚያነበው ልጅ ሳንባ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ላምባ በቤት ውስጥ እንዳይነድ የመከረው ከዚህ የተነሣ ነው። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ የተገለበጠ ኩራዝ የሚያመጣውን ደግሞ ለገጠር ሰው መንገር አያሻም።

አንባቢ ሆይ፣ ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት በሚያመነጭበት፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ በቆመበት ዘመን፣ ስለ ባትሪ ድንጋይ መብራት መጻፍ ምን ይጠቅማል ትል ይሆናል። ኀይል ማመንጨትና ኀይልን ከየጎጆው ማድረስ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተካሂዶ በዓለም ባንክ የታተመው የቤተ ሰብ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ቤተ ሰቦች ከመስመር ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከመቶ 33 ያህል፣ ከሶላርና ከመሰል ምንጭ የሚያገኙት ደግሞ ከመቶ 24 ያህል ነበሩ። ሶላሩም ቢሆን መልካም ነገር ሳለ፣ እንደ አዊ ባለ ዝናም በሚበዛበት ደጋ፣ በክረምት ደመናው ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ ሲውል፣ ማታ የሚሰጠው ብርሃን ይመነምናል፤ በዚያ ወራት የባትሪ ድንጋይ ማኅቶት ተመልሳ ወደ ሥራዋ ትገባለች።

የቀድሞው የባትሪ አምፖል የሚያበራው በግለት ነበር፤ በጠርሙሱ ውስጥ የተወጠረው ቀጭን ሽቦ እስኪፍም ድረስ ስለሚሞቅ፣ ከድንጋዩ የወጣው ኀይል አብዛኛው በሙቀት ይባክናል፤ ብርሃን የሚሆነው እጅግ ጥቂቱ ነው። የኤልኢዲ ባሕርይ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። በውስጧ ያለችው የክሪስታል ቅንጣት ጠባያቸው ከተለያየ ሁለት ወገኖች የተጋጠመች ናት፤ ኤሌክትሮኖች ከአንደኛው ወገን ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ የሚለቁት ኀይል፣ ሽቦ ማጋል ሳያስፈልገው፣ በቀጥታ ብርሃን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄንሪ ራውንድ የተባለ እንግሊዛዊ እንዲህ ያለውን ብርሃን በክሪስታል ላይ አይቶ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊው ኒክ ሆሎኒያክ ቀይ ብርሃን የምትሰጠውን ኤልኢዲ ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ሊቃውንቱ ብሩህ ሰማያዊ ለማግኘት ደከሙ፤ ያለ ሰማያዊም ነጭ ብርሃን ሊገኝ አልቻለም። ይህን ድካም የፈጸሙት የጃፓን ተወላጆቹ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በጎጆው ውስጥ ነጭ መስላ የምትታየው ፍሬ በመሠረቷ ሰማያዊ ናት፤ በላይዋ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ ሁለቱ ኅብር ሲገናኙ ዓይን ነጭ ብሎ ይቀበላቸዋል።

የኤሌክትሮኖቹ መሻገሪያ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ሽቦዋ ተገልብጦ የታሰረ ፍሬ አትበራም። ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ እግሮቿን ይለያል፤ ረጅሙ እግር የፖዘቲቭ፣ አጭሩ የኔጌቲቭ ነው፤ እግሮቿ ተቈርጠው እንደ ሆነ የክብ ጠርዟን በጣት ቢዳስስ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚያገኘው ወገን የኔጌቲቩ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ሁሉ ዐምድ የሆነው የመጠን ነገር ነው። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት ወደ 3 ቮልት ትሻለች፤ አንድ አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል፤ ሁለት ድንጋዮች በተርታ ሲታሰሩ ልክ ከዚህ መጠን ደጃፍ ያደርሷታል፤ ነገር ግን ጥቂት እንደ ደከሙ ብርሃኗ ይፈዛል። ሦስት ሲሆኑ 4.5 ቮልት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ይበዛባታል። የዚች ፍሬ ጠባይ አንድ ጊዜ ከደጃፉ ካለፈች በቮልቱ ላይ ጥቂት ሲጨመር ፍሰቱን እጅግ አብዝታ መሳብ ነው፤ ለጊዜው ደምቃ ትበራለች፣ ትሞቃለች፣ ብርሃኗ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ከዚያም ትቃጠላለች። ስለዚህ በቦይ አፍ ላይ ቆሞ ለእርሻው የሚበቃውን ውሃ ብቻ እንደሚያሳልፍ መዝጊያ፣ ፍሰቱን የሚገታ ሬዚስተር በመካከል ይገባል።

ስሌቱ በቀላል ሒሳብ የሚያልቅ ነው። ከ4.5 ቮልት ላይ ፍሬዋ የምትወስደው 3 ቮልት ሲቀነስ 1.5 ይቀራል፤ ለተራዋ ትንሽ ፍሬ የሚፈቀደው ፍሰት 20 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 0.02 አምፔር ነው፤ 1.5 ለ0.02 ሲካፈል 75 ኦም ይወጣል። እኔ የምመክረው ግን 100 ኦም ነው፤ ፍሰቱ ወደ 15 ሚሊ አምፔር ዝቅ ሲል ዓይን ልዩነቱን እምብዛም አያስተውለውም፤ የድንጋዩ ዕድሜ ግን ይረዝማል። ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ከተበላሸ ሬዲዮ ሆድ ሊገኝ ይችላል፤ ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ሆነው በመጨረሻው ጫፍ ብዙውን ጊዜ ወርቃማ ቀለበት ይከተላቸዋል። ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ጎን ለጎን ማብራት የፈለገ ለያንዳንዷ የራሷን ሬዚስተር ይስጣት፤ በአንድ ሬዚስተር ሥር ያሉ ፍሬዎች ፍሰቱን እኩል አይካፈሉትምና አንደኛዋ ከድርሻዋ በላይ ስባ ቀድማ ትሞታለች፤ የቀሩትም ሸክሙን ተራ በተራ ይወርሳሉ። በገበያ የሚሸጡ ብዙ ርካሽ የእጅ ባትሪዎች ሬዚስተሩን ፈጽመው ስለሚተዉ፣ ሕጉን ጠብቆ የተሠራው የመንደር መብራት ከነርሱ ሊበልጥ ይችላል።

የመንደሩ ሠሪ ብልኀት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በድንጋዩ አመራረጥ ነው። ሽቦው የሚግለው የቀድሞ አምፖል በመቶዎች የሚቈጠር ሚሊ አምፔር ስለሚጠይቅ፣ ያረጀ ድንጋይ ይህን መስጠት ተስኖት ሞተ ይባላል፤ ሆኖም በውስጡ ገና ኀይል አለ፤ ያጣው በአንድ ጊዜ ብዙ የማፍሰስ ችሎታን ነው። ኤልኢዲ የምትለምነው ጥቂት ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 1.1 ቮልት የወረዱ ሦስት ድንጋዮች ተጋጥመው 3.3 ቮልት ይሰጧታል፤ ከሬዲዮ የተጣለው ድንጋይ እንደ ገና ብዙ ምሽት ያገለግላል። አዲስ ትልቅ ድንጋይማ በዝግታ ሲጠባ 5 አምፔር ሰዓት ቢሰጥ፣ በ20 ሚሊ አምፔር ሲሰላ 250 ሰዓት ነው፤ በምሽት አራት አራት ሰዓት ለሚያበራ ቤት ከስድሳ ምሽት በላይ ይሆናል ማለት ነው። ድንጋይን ፀሐይ ላይ የማስጣት ልማድም መሠረት የሌለው አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ የካርቦን ዘንግ በጥቁሩ የማንጋኒዝ ዱቄት ተከቦ፣ በዙሪያው የዚንክ ቅርፊት ይገኛል፤ ፍሰቱ ሲቀጥል በመካከል የሚጠራቀመው ውጤት መንገዱን ያጠበዋል፤ ዕረፍትና ሙቀት ሲያገኝ ይህ ክምችት ስለሚበተን ድንጋዩ ለጊዜው ይነቃል። የተበላ ዚንክ ግን አይመለስም። እሳት ዳር ማሞቅ ደግሞ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላልና ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

የትንሿ ፍሬ ራስ ጉልላት መሰል ሆኖ የተቀረጸው ብርሃኑን በጠባብ መንገድ ወደ ፊት እንዲወረውር ነው፤ ለመንገደኛ ይህ ይጠቅማል፤ ለቤት ግን አንዱን ማዕዘን አብርቶ ሌላውን በጽልመት ይተዋል። ጉልላቷን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሻካራ ድንጋይ ቀስ አድርጎ ማሸት ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ከኋላዋ የተቀደደ የብስኩት ልባጭ ወይም አሮጌ ሲዲ ማኖርም የሚባክነውን ይመልሳል። ለሚያነብ ተማሪ ግን መበተኑ አያስፈልግም፤ መብራቷን ከጣራ ከመስቀል ይልቅ ከመጽሐፉ በላይ አንድ ክንድ ያህል አስጠግቶ ማንጠልጠል ይሻላል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አራተኛ እጅ ይወርዳልና። ጋጠሚያውን በስታኞ መበየድ ለቻለ መልካም ነው፤ ላልቻለም የሽቦውን ጫፍ ፍቆ፣ አጥብቆ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ መጠቅለል ይበቃል።

ይህ ጥበብ የድኾች ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ በባሕር ማዶ አለ። የቀይ ባሕርንና የሌሎችን ሞቃት ባሕሮች ዓሣና መርጃን በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች ከዋናው ገንዳ ሥር ሌላ ትንሽ ገንዳ ያበጃሉ፤ በርሱም ውስጥ ኬቶሞርፋ የተባለውን እንደ ተዘበራረቀ ክር ያለ አረንጓዴ የባሕር ሣር ያበቅላሉ። ከዓሣው ምግብና ኩስ የሚወጣው ናይትሬትና ፎስፌት ውሃውን ያበላሸዋል፤ ሣሩ ግን ይህንኑ ለዕድገቱ ይመገበዋል፤ ባለቤቱም በየጊዜው ከሣሩ አጭዶ ሲያወጣ ብክለቱ አብሮ ይወጣል። ለሣሩ የሚያስፈልገውን መብራት ብዙዎች በገዛ እጃቸው ይሠሩታል፤ የሣሩ አረንጓዴ ንጥረ ነገር አብዝቶ የሚቀበለው ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ስለሆነ፣ ሞገዳቸው 660 ናኖ ሜትር የሆነውን ቀይና 450 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነውን ሰማያዊ ኤልኢዲ በአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ይደረድራሉ። የሚያበሩትም ዋናው ገንዳ በጨለመ ጊዜ በሌሊት ነው፤ በሌሊት ከፍጥረታቱ እስትንፋስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ወደ አሲድነት ስለሚስበው፣ የበራለት ሣር ይህን አየር እየበላ ሚዛኑን ይጠብቃል።

የነዚያ ፍሬዎች ፍሰት 700 ሚሊ አምፔር ሊደርስ ስለሚችል፣ በሬዚስተር ፈንታ ፍሰቱን በአንድ መጠን የሚያጸና ድራይቨር የተባለ መሣሪያ ይገባል፤ አሉሚኒየሙም ከፍሬዎቹ ጀርባ የሚወጣውን ሙቀት ይቀበላል፤ የጨው ርጭት የሽቦዎቹን መዳብ እንዳይበላው ሁሉ ነገር በሲሊኮን ይደፈናል። መጠኑና ወጪው ይለያይ እንጂ ሕጉ አንድ ነው፤ የገንዳው ባለቤትም የመንደሩ ሠሪም አስቀድመው የሚጠይቁት ፍሬዋ ስንት አምፔር ትችላለች ብለው ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ እርሱም ኤልኢዲ እንኳ ልታበራበት የማትችለው፣ በእውነት የሞተው ድንጋይ የት ይውደቅ የሚለው ነው። ከላምባ የዳነ ቤት በዓመት ብዙ ድንጋይ ይጥላል፤ አብዛኛው የሚወድቀው በጓሮ፣ በእርሻ ዳር ወይም በመጸዳጃ ጕድጓድ ነው፤ ቅርፊቱ ሲበሰብስ ዚንኩና ማንጋኒዙ፣ በአንዳንዱም ዓይነት ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ፣ ካድሚየምና እርሳስ ከዝናሙ ጋራ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። በገጠር ትምህርት ቤቶች ድንጋዩን ፈልጦ በጥቁሩ ዱቄት ሰሌዳ የማጥቈር የቈየ ልማድም አለ፤ ሥራው በልጆች እጅ መፈጸሙን አልወደውም፤ የማንጋኒዝ ትቢያ በብዛት ሲተነፈስ ነርቭን ይጎዳልና። በ2010 ዓ.ም. የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1090 ወጥቷል፤ ዐዋጁ በጎጆው ደጃፍ ሥራ ላይ እስኪታይ ድረስ ግን የሞቱትን ድንጋዮች ክዳን ባለው ጀሪካን፣ ከእርጥበትና ከልጆች አርቆ ማጠራቀም፣ አለማቃጠልና በምንጭ አጠገብ አለመቅበር የባለቤቱ ድርሻ ነው። ወረዳዎች በየገበያው ቀን አንድ መሰብሰቢያ በርሜል ቢያቆሙ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ በሆነ።

ድንጋዩን ጭራሹን ለመተው ለሚያስብ ሠሪ ደግሞ ከተጣለ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚወጣው ሊቲየም ሴል አለለት። እርሱ ብቻውን 3.7 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ አንዲት ነጭ ፍሬ ያለ ሌላ ረዳት ሴል ያበራል፤ በሞላ ጊዜ 4.2 ቮልት ስለሚደርስም ባለ 68 ኦም ሬዚስተር ይበቃዋል፤ ሲያልቅም ከሶላር እንደ ገና ይሞላል። ነገር ግን ሊቲየም ከልክ በላይ ሲሞላ ሊነድ ስለሚችል፣ መሙላቱን በወቅቱ የምታቋርጠውን መጠበቂያ ሰሌዳ ሳያስገባ ማንም ሠሪ ከሶላር ጋራ አያገናኘው።