ያውቁ ኖሯል? ስኳር የሚሠራው ጉበት

ማታ በጊዜ በልታ የተኛች የስኳር ታማሚ ጠዋት በባዶ ሆዷ ስትለካ ከማታው የበለጠ ቁጥር ልታገኝ ትችላለች። ቤተሰብ ወዲያው «ሌሊት ተነሥተሽ ምን በላሽ?» ይላታል። ያ ስኳር ከጓዳ ሳይሆን ከገዛ ጉበቷ ሊመጣ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ሊነጋጋ ሲል ሰውነትን ለመንቃት የሚያዘጋጁ ሆርሞኖች ይጨምራሉ፤ ጉበትም ስኳር ወደ ደም ይለቃል። በጤነኛ ሰው ላይ ቆሽት ኢንሱሊን አመንጭቶ ነገሩን ያረግበዋል። በእሷ ላይ ግን ኢንሱሊኑ ያንሳል፣ ወይም ጉበቷ አይሰማውም። ሰው ባልበላው ሲወቀስ ማየት ያሳዝነኛል፤ የዛሬውን ዓምድ ለጉበት የሰጠሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉበት ስኳር እንደሚሠራ ያሳየው ክሎድ በርናርድ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1813 ቦዦሌ በሚባለው የወይን አገር ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ ሊዮን ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ልቡ ያለው ቲያትር ላይ ነበር። የጻፈውን ተውኔት ይዞ ፓሪስ ለአንድ ታዋቂ ሐያሲ ቢያሳይ፣ ሐያሲው ሕክምና እንዲማር መከረው። እሱም ምክሩን ተቀበለ።

በዚያ ዘመን የታወቁት ሊቃውንት «ስኳር የሚሠሩት ዕፅዋት ብቻ ናቸው፤ እንስሳ ያቃጥለዋል እንጂ አይሠራውም» ይሉ ነበር። በርናርድ መጀመሪያ የፈለገው ስኳሩ ሰውነት ውስጥ የት ላይ እንደሚጠፋ ማወቅ ነበር። ሥጋ ብቻ የበሉ ውሾችን ሲመረምር ግን ያልጠበቀውን አገኘ። ከአንጀት ወደ ጉበት በሚገባው ደም ውስጥ ስኳር የለም፤ ከጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ግን አለ። ይህ የሆነው በ1848 ነው።

ከሙከራዎቹ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የ1855ቱ፣ ዓፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት የተደረገው ነው። በርናርድ በአንድ ጉበት ውስጥ ያለውን ስኳር ሁለት ጊዜ እየለካ ውጤቱን የማመሳከር ልማድ ነበረው። አንድ ቀን ጊዜ አጥሮት አንዱን ልኬት ወዲያው ሠራና ሁለተኛውን ለማግስቱ አሳደረው። በማግስቱ ስኳሩ በብዙ ጨምሮ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተሳስቼ ለክቼ ይሆናል» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ከአንድ ውሻ ትኩስ ጉበት አወጣ፤ በደም ሥሩ በኩል ለ40 ደቂቃ ውኃ እያንቆረቆረ ስኳሩ ፈጽሞ እስኪጠፋ አጠበው፤ አጥቦም አሳደረው። በማግስቱ ያ የታጠበ፣ ከእንስሳው የተለየ ጉበት እንደገና ስኳር ሞልቶበት ተገኘ። እንግዲህ ውስጡ ወደ ስኳር የሚለወጥ፣ በውኃ የማይታጠብ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በ1857 ያንን ነገር ለይቶ አወጣው፤ ግላይኮጅን ነው።

ጥሬ ጉበት በሚጥሚጣ የሚወድ ሰው ምላሱ ላይ የምትቀረውን ትንሽ ጣፋጭነት ያውቃታል። እሷም ከታረደ በኋላ ወደ ስኳር ከተለወጠ ግላይኮጅን የምትመጣ ናት።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የመጣው በብዙ እንስሳት ሥቃይ መሆኑንም መሸሸግ አይገባም። የበርናርድ ሚስት በእንስሳት ላይ የሚያደርገውን ሙከራ አጥብቃ ትቃወም ነበር፤ በመጨረሻም ተለያዩ። በ1878 ሲሞት ፈረንሳይ መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረገችለት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ ሳይንቲስት በአገሪቱ አልነበረም።

የአንድ አዋቂ ሰው ጉበት ወደ 100 ግራም ግላይኮጅን እንደሚይዝ ያውቁ ኖሯል? ጡንቻዎች በድምሩ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይይዛሉ፤ ነገር ግን የያዙትን ለራሳቸው ያቃጥሉታል እንጂ ለሌላ አያካፍሉም። ለአንጎልና ለቀረው አካል የሚያካፍለው ጉበት ነው። አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈልጋል። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ቀኑን የሚገፋው በጉበቱ ነው፤ ክምችቱ ሲሳሳም ጉበት ከፕሮቲንና ከስብ ተረፈ ነገሮች አዲስ ስኳር ይሠራል። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚውጡ ሰዎች ግን ከመጾማቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒቱ ጉበት ከሚሰጠው በላይ ስኳሩን ሊያወርደው ይችላል።

አትሌት በመጨረሻው ዙር ሲያፈተልክ ጡንቻው ላክቴት ያመርታል፤ ላክቴቱ በደም ወደ ጉበት ሄዶ እንደገና ስኳር ይሆንና ወደ ጡንቻ ይመለሳል። ይህን ዑደት የደረሱበት ፕራግ የተወለዱት ባልና ሚስት ካርልና ጌርቲ ኮሪ ናቸው። ባልየው ፕሮፌሰር ሆኖ ሳለ ጌርቲ ለረጅም ዓመታት በዝቅተኛ ደመወዝ ረዳት ተመራማሪ ሆና ሠርታለች። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነችው በ1947፣ ኖቤል በተሸለመችበት በዚያው ዓመት ነው። በሕክምና ዘርፍ ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት።

ኮሪዎቹ በ1952 ሌላም ነገር አሳዩ። አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ ጉበታቸው ስኳሩን ወደ ደም የሚለቅበት ኢንዛይም የላቸውም። ጉበታቸው በግላይኮጅን ተወጥሮ ያብጣል፣ ደማቸው ግን ይራባል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የእነዚህ ልጆች መዳኛ ምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በውኃ የተበጠበጠ ጥሬ የበቆሎ ስታርች ነው፤ ቀስ እያለ ስለሚፈጭ በየጥቂት ሰዓቱ ሲጠጡት ስኳራቸው አይወርድም። ወላጆች ሌሊት እየተነሡ ያጠጧቸዋል።

አልኮል ጉበት አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ያግዳል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በባዶ ሆዱ አረቄ ከጠጣ ከሰዓታት በኋላ ስኳሩ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ያየው ሁሉ «ሰክሯል፣ ይተኛ» ይላል። አይተዉት! ስኳር ይለኩለት፤ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ መጠጥ ይስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም ያድርሱት።

የስኳር በሽታ ምንጩ ጉበት ነው ወይስ ቆሽት? በርናርድ ወደ ጉበት ያዘነብል ነበር። በ1889 ግን ሜሪንግና ሚንኮውስኪ የሚባሉ ሐኪሞች ስትራስቡርግ ላይ የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው የስኳር በሽተኛ ሆነ። በ1921 ደግሞ ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ኢንሱሊንን አገኙ። ዛሬ እንደምናውቀው ግን በርናርድም ከእውነቱ አልራቀም፤ ኢንሱሊን «ይብቃህ» ብሎ የሚያስቆመው አንዱና ዋናው አካል ጉበት ነው።

በየመድኃኒት ቤቱ ያለው ሜትፎርሚን በዋናነት የሚሠራው ጉበት ስኳር ማምረቱን እንዲቀንስ በማድረግ ነው። መነሻው በአውሮፓ የሚበቅል ጋሌጋ የሚባል ተክል ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 ለሕሙማን መስጠቱን ይፋ አደረገ። አሜሪካ የፈቀደችው ግን በ1994 ነው።

መጠጥ ሳይቀምሱም ጉበት ላይ ስብ ይጠራቀማል። በ1980 አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቹ 20 ሕሙማንን መዝግበው አቀረቡ። ከጉበታቸው የተወሰደው ናሙና ሲታይ የጠጪ ይመስላል፤ ሰዎቹ ግን ጠጪዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ወፈር ያሉ ነበሩ፣ የስኳር በሽታም በብዙዎቹ ላይ ይታይ ነበር። ዛሬ ይህ የጉበት ስብ በሽታ ከዓለም አዋቂዎች የሲሶውን ያህል፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ካለባቸው ደግሞ ከግማሽ በላዩን እንደሚይዝ ይገመታል። ሕመም ስለሌለው ብዙዎች አያውቁትም። ስብ የሞላው ጉበት ኢንሱሊንን ስለማይሰማ ስኳር መልቀቁን ይቀጥላል፤ ቆሽትም እስኪዝል ይሠራል።

በ2011 እንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ ሮይ ቴይለር የሚባሉ ፕሮፌሰር ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸውን 11 ሕሙማን ለስምንት ሳምንት በቀን 600 ካሎሪ ያህል ብቻ እንዲመገቡ አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት የጉበታቸው ስብ ቀለለ፤ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸውም ወደ ጤነኛ ሰው ልክ ወረደ። መጀመሪያ የተስተካከለው ጉበት ነበር፤ ቆሽት ቀስ እያለ ተከተለ። በ2017 ይፋ በሆነው ትልቅ ጥናታቸው ላይ ከተሳተፉትና ክብደት የመቀነሱን ሕክምና ካገኙት 46 በመቶዎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ ልክ በታች ነበር። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ 86 በመቶዎቹ። ጥናቱ የተደረገው በሽታው ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ባልሞላቸው፣ ኢንሱሊን በማይወጉና የሐኪም ክትትል ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ በራስ ፈቃድ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። በቅርቡ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለበት የተነገረው ሰው ግን በሚቀጥለው ቀጠሮው «ክብደት ብቀንስ መድኃኒቱን ላቆም እችል ይሆን?» ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ አግባብ ነው።