የተደራረቡ አንቲባዮቲኮችና የኩላሊት ጉዳት

በደቡብ አዲስ አበባ በሚገኘው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋ፣ በለቡም ሆነ በጀሞ፣ ትኩሳትና ተቅማጥ የያዘው ሰው ከጤና ጣቢያ አስቀድሞ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ማለቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ «አንዱ ካላሻለኝ ሁለቱ ያሽሉኛል» በሚል እምነት ከክሊኒክ የተወጋውን መድኃኒት ከቤት ከተረፈ እንክብል ጋር የሚደርብ ሰው ይገኛል። የዚህ እምነት ዕዳ ከሚያርፍባቸው የሰውነት ክፍሎች ዋነኛው ኩላሊት ነው።

ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። አብዛኛው በጥቃቅን ቱቦዎች አማካይነት ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ጄንታማይሲንና የቅርብ ዘመዶቹ ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲን ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት በኩል በመሆኑ፣ ከፊላቸው በቱቦዎቹ ሕዋሳት ውስጥ እየተከማቸ ሕዋሳቱን ይጎዳል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሕክምናው ከተጀመረ ከ5 እስከ 7 ቀናት በኋላ ነው። የሽንት መጠን ሳይቀንስም ሊደርስ ስለሚችል፣ በሽተኛው ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ይህ ሲባል ግን ሁለት አንቲባዮቲኮችን በአንድነት መስጠት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በአንድነት ሲሰጡ፣ በደም መመረዝ የታመሙ ጨቅላዎችንና በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ሕይወት ያድናሉ፤ አምፒሲሊን ለኩላሊት እምብዛም አያሰጋምና። አደጋው የሚበረታው ኩላሊትን የሚጎዱ መድኃኒቶች ሲገናኙ ነው። ይኸውም ጄንታማይሲን ከቫንኮማይሲን፣ ከኮሊስቲን ወይም ከራሱ ዘመድ ጋር ሲደረብ፣ እንዲሁም ሽንት ከሚያበዛው ፉሮሴማይድ ወይም እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ሲወሰድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ወሳኙ ግን በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ነው። በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በባቲ መጠለያዎች እንደታየው፣ ረኃብና ተቅማጥ ተያይዘው ይመጣሉ። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ በተከሰተ ጊዜ ደግሞ የሰውነት ድርቀት የድርቅ አካባቢ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ተረጋግጧል። ውኃውና ጨዉ ያለቀበት ሰው ወደ ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ስለሚቀንስ፣ ለሌላው ሰው የሚስማማው የመድኃኒት መጠን ለእርሱ መርዝ ሊሆንበት ይችላል። ከዚህም በላይ በረኃብ የከሳ ሰው ጡንቻው ስለሚያንስ፣ ለኩላሊት መድከም ምልክት የሆነው ክሬቲኒን በደም ምርመራ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። በመሆኑም መልካም የመሰለ ውጤት የጤና ባለሙያውን እንዳያታልል ጥንቃቄ ያሻል።

ጉዳቱ በጊዜ ተደርሶበት መድኃኒቱ ከተቋረጠ ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ያገግማል። ሳይታወቅ ከቆየ ግን የሚከተለው ከባድ ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ለጋሽ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የኩላሊት እጥበት ወጪም ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው።

ስለዚህ ተቅማጥ የያዘው ሰው አስቀድሞ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጦ መጠጣትና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። ባለፉት ቀናት የወሰደውን እንክብልም ሆነ መርፌ አንድም ሳይደብቅ ለሐኪሙ መናገር አለበት። ባለሙያውም በበኩሉ መጠኑን በክብደት ማስላት፣ የፈሳሹን ሁኔታ መከታተልና ሕክምናውን ከሚያስፈልገው ቀን በላይ አለማስረዘም ይጠበቅበታል። የመድኃኒት ኃይሉ በብዛቱ ሳይሆን በአግባቡ በመወሰዱ ነው።