ከርነሉ የወደቀበት መስመር ጥፋተኛው ላይሆን ይችላል

ሰርቨሩ ድንገት ይቆማል። ስክሪኑ ላይ የቁጥርና የፊደል መዓት ይደረደራል፤ ከመሀሉ የአንድ ፈንክሽን ስም ይነበባል። ብዙዎቻችን ወዲያው ያንን ፈንክሽን ከፍተን ስህተት መፈለግ እንጀምራለን። ሰዓታት ያልፋሉ፤ ኮዱ ግን ምንም እንከን አይታይበትም። ለምን?

ኬኤስኤምቢዲን እንውሰድ። በኤስኤምቢ ፕሮቶኮል ፋይል የሚያጋራ ሰርቨር ሲሆን በ2021 ከሊኑክስ 5.15 ጋር ወጣ። ከሳምባ የሚለየው ከርነሉ ውስጥ መሥራቱ ነው። ሳምባ ቢወድቅ አንድ ፕሮግራም ይዘጋል፤ ኬኤስኤምቢዲ ቢሳሳት ግን መላው ማሽን ሊወድቅ ይችላል።

በ2025 ሾን ሂላን የተባለ የሴኪዩሪቲ ተመራማሪ የኦፕንኤአይን ኦ3 ሞዴል ይህን ኮድ አስነብቦ አንድ ስህተት አገኘ፤ መለያው ሲቪኢ-2025-37899 ነው። ኤስኤምቢ 3 አንድ ሴሽን በብዙ ኮኔክሽን እንዲሠራ ይፈቅዳል። በአንዱ ኮኔክሽን የሎግኦፍ ጥያቄ ሲመጣ፣ የሚያስተናግደው ትሬድ የተጠቃሚውን መረጃ የያዘውን ሜሞሪ ይለቅ ነበር። በዚያው ቅጽበት የሌላው ኮኔክሽን ትሬድ ያንኑ ሜሞሪ እየተጠቀመ ሊሆን ይችል ነበር።

ሁለት ጓደኛሞች ቤት ተከራዩ እንበል። አንዱ ሳይናገር ቤቱን ለአከራዩ አስረከበ። ሌላው ማታ በድሮ ቁልፉ ከፍቶ ሲገባ አዲስ ተከራይ ተኝቶ አገኘ። ስክሪኑ ላይ ስሙ የሚወጣው ማታ የገባው ነው፤ ችግሩ የተፈጠረው ግን ቀን ላይ፣ ቁልፉ ሲመለስ ነው።

እንዲህ ያለውን ለመያዝ ከርነሉን ካሳን በተባለው መሣሪያ ገንቡት። ከ2015 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አለ። ሪፖርቱ ሜሞሪውን ማን እንደነካው፣ ማን እንደጠየቀውና ማን እንደለቀቀው ለየብቻ ያሳያል። ንባባችሁን ከመጨረሻው ጀምሩ። ማሽኑ ሎጉን ዲስክ ላይ ሳይጽፍ ሊሞት ስለሚችል፣ ኔትኮንሶልን ተጠቅማችሁ መልእክቱን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ላኩት። ካሳን ፍጥነት ስለሚቀንስ ሥራውን በመሞከሪያ ማሽን ላይ አድርጉት።

ጥገናውም ወጥመድ አለው። ሂላን ቀደም ሲል ላገኘው ተመሳሳይ ስህተት ያቀረበው መፍትሔ ፖይንተሩን ከለቀቁ በኋላ ነል ማድረግ ነበር። በኋላ ይህ እንደማይበቃ ተረዳ፤ አንዱ ትሬድ ፖይንተሩን አይቶ እስኪጠቀምበት ድረስ ሌላው ሊለቀው ይችላልና። ስለዚህ ክራሹ ስለጠፋ ብቻ አትመኑ። «ይህን ሜሞሪ ሌላ ማን ይዞታል?» ብላችሁ ጠይቁ።