ያረጀ ጋዜጣ ላይ ፕላስተር አትለጥፉ

 ዛሬ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጥራዝ የ1950ዎቹ አዲስ ዘመን ተቀምጦ አገኘሁ። «ተጠግኗል፣ ይመዝገብልን» የሚል ማስታወሻ አብሮት አለ። ስገልጠው ደሜ ፈላ። የተቀደደው ሁሉ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ከጥራዙ የወለቁት ገጾች ደግሞ እንደ መታወቂያ ካርድ ላሚኔት ተደርገዋል። ከየት እንደመጣ አልናገርም። የሠሩትም ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ ያሳያቸው ሰው የለም። ግን «አሮጌ መጽሐፍ በቤት ውስጥ ማደሻ» የሚል ቪዲዮ ሰሞኑን በየግሩፑ እየዞረ ነው፤ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቶሎ ልጻፈው።

1. ፕላስተር ጥገና አይደለም። ማጣበቂያው ከጊዜ ብዛት ይበላሻል። መጀመሪያ ይለሰልስና ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፤ ከጀርባ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ወደ ፊት ይታያል። ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆንና ይደርቃል። ላስቲኩ በራሱ ጊዜ ይረግፋል፣ ቆሻሻው ግን ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ኬሚካል ቀለሙንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ልጠፋ ለባለሙያ የቀናት ሥራ ያወርሳል።

2. ላሚኔሽን ከፕላስተር ይብሳል። ማሽኑ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ላስቲኩን ወረቀቱ ላይ ያቀልጠዋል። ወረቀቱን የሚበላው አሲድ አይወጣም፤ አብሮ ይታሸጋል። አሜሪካኖች ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። ዊሊያም ባሮው የሚባል ሰው ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰነዶችን በሴሉሎስ አሲቴት የማሸግ ዘዴ አስፋፋ፤ ትልልቅ መዛግብት ቤቶችም ተቀበሉት። ዛሬ ተተኪዎቻቸው ያንኑ ላስቲክ ለማስለቀቅ ይደክማሉ። የባሮው እንኳ በአሴቶን ይሟሟል። የእኛ ቢሮ ማሽን የሚያሽግበት ላስቲክ ያም ዕድል የለውም። ብራና ላይማ ጨርሶ አይታሰብም፤ ቆዳ ነውና ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

3. መለኪያው አንድ ነው፦ ዛሬ ያደረግኸውን ነገ የሚመጣ ባለሙያ ወረቀቱን ሳይጎዳ ማንሳት ይችላል ወይ? ካልቻለ ጥገና አይባልም። በመላው ዓለም የሚሠራበት ቀጭን የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች የሚበጅ ማጣበቂያ የተመረጠው ለዚህ ነው፤ በውሃ እርጥበት ብቻ ይለቃል።

ታዲያ ለምን አንጠቀምበትም? እዚህ ላይ ነው የሚቆጨኝ። የጃፓን ወረቀት እንዲገዛ ጥያቄ ስታቀርብ «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» ትባላለህ። አገር ውስጥ አንድም አቅራቢ የሌለው ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ይመለሳል። ሰኔ ይደርሳል፣ በጀቱ ሊዘጋ ነው ይባላል፣ የላሚኔሽን ላስቲክ በካርቶን ይገዛል፤ እሱ በየጽሕፈት መሣሪያው ቤት አለ፣ ፕሮፎርማውም በግማሽ ቀን ይሰበሰባል። የተገዛ ዕቃ ደግሞ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ጋዜጣው በላስቲክ የሚለበጠው ከባለሙያ ፍላጎት ተነስቶ ሳይሆን ከግዥ መመሪያ ነው። ሪፖርታችንም ያው ነው። ስንት መጽሐፍ ተገዛ፣ ስንት አንባቢ ገባ እንባላለን። ስንቱ ከመጥፋት ዳነ ብሎ የጠየቀ ኃላፊ እስከ ዛሬ አላየሁም። የጥገና ክፍሉም ሌላ ቦታ የታጣለት ሰው የሚመደብበት ሆኗል። በዚያ ላይ ጣሪያው ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። የረጠበ ወረቀት ሁለት ቀን ካደረ ሻጋታ እንደሚጀምረው እየታወቀ ቁልፍ የያዘው ሰው ቅዳሜና እሁድ አይገኝም።

ጋዜጣ ቡናማ የሚሆነውና የሚሰባበረው በአያያዝ ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ነው፤ ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ ንጥረ ነገር ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ወረቀቱን ያጠቁረዋል፣ አሲዱም ከውስጥ ያደርቀዋል። ከመስኮት ማራቅና ማቀዝቀዝ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የ500 ዓመት ብራና ሳይነካ ተቀምጦ የ60 ዓመት ጋዜጣ የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ነጭ ጓንት። ቴሌቪዥን ላይ ስላያችሁት አምጡ አትበሉን። ጓንት የጣትን ስሜት ያደነዝዛል፣ የተሰነጠቀውን ጠርዝ ይስባል። ለፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ለወረቀትና ለብራና የታጠበና በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። ናፍታሊንም መደርደሪያ ውስጥ አትበትኑ፤ ጋዙን የምንተነፍሰው እኛ ነን።

«ስካን ተደርጓልና ዋናው ይወገድ» የሚለው ሐሳብም በየስብሰባው መነሳት ጀምሯል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውና ኢ.ኤም.ኤም.ኤል በሚል ምህጻር የሚታወቀው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ቀድቷል። ቅጂዎቹ አሜሪካ ሚኒሶታ ገብተው፣ ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት በዝርዝር ገልጸዋቸው፣ ዓለም ይማርባቸዋል። ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩን ቀለም ከጥቁሩ መለየት፣ የተፋቀውን ማየት፣ ስፌቱን መመርመር የፈለገ ተመራማሪ ወደ ዋናው መጽሐፍ መሄድ አለበት። የዚያ ዘመን ሰው ቅጂ አለ ብሎ ዋናውን ቢጥል ኖሮ እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ ማን ይመልሳቸው ነበር? ቅጂውም ዘላለማዊ አይደለም። የአሲቴት ፊልም ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሳይሸትም ይሞታል። አንድ ሃርድ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ «ዲጂታል አድርገናል» ማለት ተቋምን ማታለል ነው።

አሁን ወደ እናንተ። ቤታችሁ የአባት የአያት ዳዊት፣ ደብዳቤ ወይም ጋዜጣ ካለ አትለጥፉት። የተቀደደውን ክፍል ሳትጥሉ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሃል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስተኙት። የማሰሪያ ላስቲክ፣ ክሊፕና የስቴፕለር ሽቦ ካለበት አውጡለት። ፕላስተር ቀድሞ ተለጥፎበት ከሆነ አትላጡት፣ ለባለሙያ ተዉት። ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ፣ ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ቪዲዮውን ያጋራችሁ ደግሞ እባካችሁ ዛሬውኑ አጥፉት። ተለጥፎ ከሚመጣልኝ ብጥስጥሱ ወጥቶ ቢመጣልኝ እመርጣለሁ።