የመጋቢት ፀሐይና የድልብ በሬ ሆድ

በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ለፋሲካ ገበያ የሚደልብ በሬ አብዝቶ መብላት ያለበት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የገበሬው ድልብ ግን ገና ሥራ ላይ ነው፤ ያውም በዓመቱ ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት። ያው በሬ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ሲያንዘፈዝፈው ያደረ ነው። ገበሬው ጭዱን፣ የበቆሎ አገዳውን፣ የኑግ ፋጉሎውንና አተላውን ያቀርባል። ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉ ሥጋ እንደሚሆን ግን አየሩም ይወስናል።

የበሬ ሆድ አራት ክፍል ሲኖረው ትልቁ ጨጓራ ነው። በውስጡ ለዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ጭዱን ያብላላሉ፤ የጠላ ጋን ድፍድፉ ሲፈላ እንደሚሞቅ ጨጓራውም ይሞቃል። የጤነኛ በሬ የሰውነት ሙቀት 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የጨጓራው ብዙ ጊዜ ከ39 ያልፋል። ይህ ሙቀት በውርጭ ሌሊት በሬውን ይጠቅመዋል። በመጋቢት ቀትር ግን መውጫ ያጣል።

በሬ ሲሞቀው መጀመሪያ የሚቀንሰው መብሉን ነው። ብዙ ሰው ታመመ ብሎ ይደነግጣል፤ በሬው ግን በሆዱ ያለውን እሳት እየቀነሰ ነው። ሙቀቱን ለማስወጣት ደሙ ወደ ቆዳው ሲያመዝን ለአንጀቱ የሚደርሰው ያንሳል። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞንም ይቀንሳል፤ ማመስኳቱ ይዘገያል። አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ለሃጩ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ የጨጓራውን አሲድ የሚያለዝበው ደግሞ ይኸው ለሃጭ ነው። እህል የበዛለት ድልብ በዚህ ሰዓት ሆዱ በቀላሉ የሚታወከው ለዚህ ነው።

አሳማ ከዚህም የባሰ ችግር አለበት። ላብ የማውጣት አቅሙ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል፤ ከርከሮም እንደዚያው ያደርጋል። ሻኛ ያለው የአገራችን በሬ ግን ያልበዋል፣ ቆዳው ልል ነው፤ ከአውሮፓ ከብቶች ይልቅ ሙቀት ይችላል። ቢሆንም ፀሐይ ላይ ታስሮ መዋል ይጎዳዋል።

ብርድ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የበሬው የታይሮይድ ሆርሞን ይጨምራል፣ ረሃቡ ይበረታል፣ መብሉ በሆዱ ውስጥ ፈጥኖ ያልፋል። ተሕዋስያኑ ለማብላላት ጊዜ ስለሚያጥራቸው በደንብ ያልተፈጨ ጭድ ከእበቱ ጋር ይወጣል፤ በበጎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ይህ ደጋግሞ ታይቷል። ከበላው ደግሞ ከፊሉ ሰውነቱን ለማሞቅ ይውላል። በማለዳ ከወንዝ የሚጠጣው ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ የጨጓራውን ሙቀት በብዙ ዲግሪ ዝቅ ያደርገዋል፤ ተመልሶ እስኪሞቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

እዚህ ላይ የሚያደልብ ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። መብል የሚያመነጨው ሙቀት የሚያይለው ከተበላ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። ረፋዱ ላይ ጭድ የጠገበ በሬ ቀትር ሲሆን ከውስጥም ከውጭም ይጋላል። ሻካራ ጭድና አገዳ ደግሞ ከሚሰጡት ጉልበት አንጻር ከፋጉሎ የበለጠ ሙቀት ያወጣሉ። ስለዚህ በመጋቢት ዋናው መኖ ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ሊነጋጋ ሲል ቢሰጥ ይሻላል። በታኅሣሥም ቢሆን ማታ የበዛ ጭድ ሌሊቱን ከውስጥ ያሞቀዋል፤ ከሥሩ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ከነፋሱም ከለላ ከተደረገለት የበላው ለሥጋ ይተርፋል።

ለመጪው ፋሲካ በሬ የምታደልቡ፣ ገንዳውን ከዛፍ ጥላ ሥር አድርጉት፤ ውሃም ቀኑን ሙሉ አታጉድሉበት።