የሶኩውካ ምድር፦ ለወታደር ደመወዝ የተሰጠ፣ ለስደተኛ ማረፊያ የሆነ መሬት

በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ፣ ከቢያሊስቶክ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሶኩውካ የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። የነዋሪዎቿ ቁጥር ሃያ ሺህ አይሞላም። ከቢያሊስቶክ ተነሥቶ በቤላሩስ ወደምትገኘው ግሮድኖ የሚያመራው የባቡር ሐዲድ በእርሷ በኩል ያልፋል፤ ድንበሩም ከከተማዋ ብዙ አይርቅም። አካባቢው ዝቅና ከፍ የሚል የእርሻ መሬት ሲሆን፣ ክኒሺን የተባለው ሰፊ የጥድ ደን ያዋስነዋል። በበጋ ሽመላዎች በየምሰሶው ላይ ጎጇቸውን ይሠራሉ። የብርዱ ወራት ግን ረጅምና በረዷማ ነው።

የዚህች ከተማ ስም በሙስሊሙ ዓለም እምብዛም አይታወቅም። ይሁን እንጂ በፖላንድ እስከ ዛሬ የቆሙት ሁለቱ ታሪካዊ የእንጨት መስጂዶች የሚገኙት በዚሁ በሶኩውካ አውራጃ፣ ቦሆኒኪና ክሩሺኒያኒ በተባሉ ሁለት መንደሮች ነው። የመንደሮቹ ታሪክ የሚጀምረው ካልተከፈለ ደመወዝ ነው።

ዕዳን በመሬት

ሊፕካ ታታር በመባል የሚታወቁት ሙስሊሞች በሊትዌኒያ ታላቅ መስፍን ግዛት መስፈር የጀመሩት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ታላቁ መስፍን ቪታውታስ መሬት ሰጥቶ አሰፈራቸው፤ እነርሱም በምላሹ በፈረሰኛነት አገለገሉት። እ.ኤ.አ. በ1410 የፖላንድና የሊትዌኒያ ጦር የቴውቶን ባላባቶችን ድል ባደረገበት በግሩንቫልድ ጦርነት ታታሮች ተሰልፈው ነበር።

ይህ የአገልግሎትና የጥበቃ ውል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተናጋ። የወታደሮቹ ደመወዝ ሳይከፈል ዓመታት አለፉ፤ በሃይማኖታቸውና በቀደመ መብታቸው ላይም ገደብ ተጣለ። በ1672 በርካታ የታታር ክፍለ ጦሮች ዐምፀው ወደ ኦቶማን ወገን ገቡ። ንጉሥ ያን ሦስተኛ ሶቢየስኪ ወታደሮቹን መልሶ ለማግኘት ሲል መብታቸውን ዐደሰ። ለደመወዝ የሚሆን ገንዘብ በግምጃ ቤቱ ስላልነበረም ዕዳውን በመሬት ለመክፈል ወሰነ። በ1679 ቦሆኒኪ፣ ክሩሺኒያኒና ሌሎችም በአካባቢው የሚገኙ የንጉሡ መንደሮች ለታታር መኮንኖችና ወታደሮች ተከፋፈሉ።

ክሩሺኒያኒ የደረሰችው ለኮሎኔል ሳሙኤል ሙርዛ ክሸቾቭስኪ ነበር። በአካባቢው የሚነገር አፈ ታሪክ እንደሚለው ይህ ኮሎኔል በ1683 በፓርካኒ ጦርነት የንጉሡን ሕይወት አትርፏል፤ ንጉሡም ከዓመታት በኋላ ወደ ግሮድኖ ሲጓዝ በባለውለታው ቤት ዐርፏል። አፈ ታሪኩ በውስጡ አንድ መራር እውነት ይዟል። በዚያ ዘመቻ በሶቢየስኪ ሰንደቅ ሥር የተሰለፉት ታታሮች በእምነት ወንድሞቻቸው ከሆኑት ከኦቶማን ወታደሮች ጋር ተፋልመዋል። የኖሩባትን አገር ማገልገል የሚጠይቀውን ዋጋ ከሌላው ቀድመው ያወቁ ሰዎች ነበሩ።

ቋንቋው ጠፋ፣ ሃይማኖቱ ቀረ

በስላቭ ሕዝብ መካከል የኖሩት ታታሮች የአባቶቻቸውን ቋንቋ ከጊዜ በኋላ ረሱ። በየቤታቸው ቤላሩስኛና ፖላንድኛ ተናገሩ። እምነታቸውን ግን አልለቀቁም። ለዚህም አንዱ መሣሪያ ኪታብ ብለው የሚጠሩት የእጅ ጽሑፍ ነበር። የኪታቡ ቋንቋ ቤላሩስኛ ወይም ፖላንድኛ ሲሆን፣ የተጻፈበት ፊደል ግን ዐረብኛ ነው። የነቢያት ታሪክ፣ የሶላት ሥርዓት፣ ዱዓና ምክር በዚህ መንገድ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል። የወሎ ዑለማኦች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የጻፉበትን የአጀሚ ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ መፍትሔ ላይ ደርሰዋል።

መስጂዶቹም የዚሁ ታሪክ ምስክሮች ናቸው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባው የክሩሺኒያኒ መስጂድ በፊት ለፊቱ ሁለት ማማዎች አሉት። የአካባቢው አናጺዎች የሚያውቁት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አሠራርን ስለነበር፣ ከሩቅ ለሚያየው ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። ማንነቱን የሚገልጸው በማማዎቹ አናት ላይ ያለው ጨረቃ ነው። ውስጡ በእንጨት የተለበጠ ሲሆን የወንዶችና የሴቶች ክፍል ተለይቷል፤ ሚህራቡና ሚንበሩ በቦታቸው አሉ፤ በግድግዳው ላይም የቁርኣን አንቀጾች የሰፈሩባቸው ሙሂር የተባሉ ጌጣማ ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። የቦሆኒኪው መስጂድ ከዚህ አነስ ያለ ነው።

ሚዛር የሚሉት መቃብራቸው በዛፎች ጥላ ሥር ያረፈ ነው። በክሩሺኒያኒ ሚዛር ጽሑፉ ከሚነበብ ድንጋዮች እጅግ ጥንታዊው የ1699 ነው። በመቃብር ድንጋዮቹ ላይ ዐረብኛ፣ ፖላንድኛና ሩሲያኛ ተጽፎ ይታያል፤ አገሪቱን የገዙት መንግሥታት መለዋወጥ በድንጋዩ ላይ ይነበባል።

ድንበር ሲንቀሳቀስ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፖላንድ በጎረቤቶቿ ተከፋፍላ ከካርታ ስትጠፋ፣ ሶኩውካ መጀመሪያ በፕሩሺያ፣ ከ1807 ጀምሮ ደግሞ በሩሲያ ሥር ወደቀች። ከዋርሶ ወደ ፒተርስበርግ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1862 ሲጠናቀቅ ከተማዋን ከሰፊው ዓለም ጋር አገናኛት። ፖላንድ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ በ1925 የፖላንድ ሙስሊሞች የሃይማኖት ማኅበር ተመሠረተ፤ መቀመጫውም ያኔ በፖላንድ ሥር በነበረችው በቪልና ሆነ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሁሉ በታተነው። በሶኩውካ ለዘመናት የኖሩት አይሁዶች በናዚዎች እጅ ተፈጁ። የቦሆኒኪን መስጂድ የጀርመን ወታደሮች የሕክምና ጣቢያ አድርገውት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ድንበሩ ወደ ምዕራብ ሲገፋ፣ ቪልናና አብዛኞቹ የታታር መንደሮች ከመስጂዶቻቸው ጋር በሶቭየት ግዛት ቀሩ። ለፖላንድ የተረፏት ሁለቱ መስጂዶች ብቻ ነበሩ።

ዛሬ አብዛኞቹ የመንደሮቹ ተወላጆች በቢያሊስቶክና በሌሎች ከተሞች ይኖራሉ፤ ለዒድ ግን ወደ መስጂዶቹ ይመለሳሉ። በ2011 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ታታር መሆናቸውን የተናገሩት ሁለት ሺህ አይሞሉም ነበር። መንግሥት በ2012 መስጂዶቹንና መቃብሮቹን ከአገሪቱ ታሪካዊ ሐውልቶች መካከል መዝግቧቸዋል። ሆኖም ፈተናው አላለፈም። በ2013 ሳያደነዝዙ ማረድ በፖላንድ ሲታገድ የዒደል አድሐ እርዳቸው አከራካሪ ሆኖ ነበር፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እገዳውን የሻረው በ2014 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት የክሩሺኒያኒ መስጂድ ግድግዳ ማንነታቸው ባልታወቀ ሰዎች በአሳማ ሥዕል ተበላሽቷል።

ያልታሰቡ እንግዶች

በ2021 መኸር ከሶሪያ፣ ከኢራቅ፣ ከየመንና ከአፍሪካ አገሮች የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በቤላሩስ በኩል ወደ ፖላንድ ለመግባት ሲሞክሩ በሁለቱ አገሮች ወታደሮች መካከል በደን ውስጥ ተያዙ። ብርዱ በረታ፤ የሚሞቱም ታዩ። የቦሆኒኪ ታታሮች ለስደተኞቹ ልብስና ምግብ ሰበሰቡ፤ ድንበር ለሚጠብቁት ወታደሮችም ሾርባ አበሰሉ። አስከሬኖች መምጣት ሲጀምሩ ደግሞ ሚዛራቸውን ከፈቱ።

በኅዳር ወር አጋማሽ የተቀበረው የ19 ዓመት ሶሪያዊ ወጣት ነበር። ቡግ በተባለው ወንዝ ሰጥሞ የሞተውን ይህን ወጣት የመንደሩ ኢማም ሰገዱበት፤ ቤተሰቦቹ ሥርዓቱን ከሶሪያ ሆነው በስልክ ምስል ተከታተሉ። ከቀናት በኋላ አንድ የመናዊ፣ ቀጥሎም በእናቱ ማህፀን ሳለ የሞተ የኢራቅ ኩርዶች ፅንስ በዚያው ተቀበሩ። ሙስሊምን ገንዞ፣ ሰግዶበት መቅበር ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ ይነሣል። በዚያ ድንበር ላይ ግዴታውን የሌሎችን ሁሉ ተክተው የተወጡት የአንዲት ትንሽ መንደር ሰዎች ናቸው።

ፖላንድ በ2022 በድንበሩ ላይ 5.5 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት አጥር አቆመች፤ ሞት ግን አልቆመም። በፌብሩዋሪ 2023 የአንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት አስከሬን ከሶኩውካ በስተደቡብ በሚገኘው የቢያዎቪየዣ ደን ተገኝቷል።

ንጉሥ ሶቢየስኪ መሬቱን ሲሰጥ ያሰበው ዕዳውን ማቃለልና ፈረሰኞቹን ማቆየት ነበር። ዛሬ በቦሆኒኪ ሚዛር የፈረሰኞቹ የልጅ ልጆች፣ ወንዝና ደን የቀጠፋቸው ስደተኞች አጠገብ ለአጠገብ ዐርፈዋል። ዘመድ ሊደርስበት ያልቻለውን መቃብር የሚጠብቁት የመንደሩ ሰዎች ናቸው።